መላጥያ ወይስ ሰበታ? ለዕረፍት ሆቴል ስንመርጥ

(በምሩቃን ማኅበሩ ዓመታዊ መገናኛ ላይ የተደረገ ንግግር፤ ኅዳር 2018 ዓ.ም.)



የማኅበሩ ጸሐፊ «ስለ ሆቴል አመራረጥ ሃያ ደቂቃ ተናገር» ሲለኝ መጀመሪያ የቀለደ መስሎኝ ነበር። በዚህ መድረክ ላይ ስለ ምርምር፣ ስለ ትምህርት ጥራት፣ ስለ አገር ጉዳይ ሲነገር ነው የለመድነው። ነገር ግን የ1988 ዓ.ም. ምሩቃን በመጪው ሚያዝያ ሠላሳኛ ዓመታቸውን ሊያከብሩ ነው፤ ከኮሚቴያቸውም ሦስቱ በየተራ ደውለው «እናንተ እንዴት አደረጋችሁ?» ብለውኛል። እኛ የ1987 ምሩቃን አምና ስንገናኝ ማረፊያ የመረጠው ኮሚቴ ሰብሳቢ እኔ ነበርኩና ሦስት ጊዜ ከመመለስ አንድ ጊዜ እዚሁ ልናገር።

ለብቻህ ወይም ከቤተሰብህ ጋር ለዕረፍት ስትወጣ ሆቴል መምረጥ የኪስና የምርጫ ጉዳይ ነው። ሠላሳ ዓመት ያልተያዩ ሰዎችን ለማሳደር ስትመርጥ ግን ማን እንደሚመጣና ማን እንደሚቀር እየወሰንክ ነው። ኮሚቴው ይህን አስቦበትም ሳያስብበትም ውሳኔው ያው ነው።

ነገሩ የተጀመረው በቴሌግራም ግሩፓችን ነው። ግሩፑ ላይ 38 ነን፤ ከእነዚህ 15ቱ ውጭ አገር ይኖራሉ። አንዱ ወዳጃችን ከዳላስ «ሠላሳኛውን በሜዲትራኒያን ደሴት እናክብረው» ብሎ ጻፈ። ሐሳቡ እንዲሁ የተወረወረ አልነበረም፤ ካርታ ላይ አስምሮ ነው የላከው። ከአሜሪካ የሚመጣው፣ አውሮፓ ያለውና ከቦሌ የሚነሳው ግማሽ መንገድ ላይ ይገናኛሉ፤ ማንም ከማንም አብልጦ አይደክምም። ማልታን፣ ቀርጤስንና ቆጵሮስን አቀረበ። በሁለት ቀን ውስጥ ግሩፑ በመዋኛ ገንዳ ፎቶ ተጥለቀለቀ። ሰማያዊ ውሃ፣ ነጭ ጃንጥላ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ በረንዳ ላይ የተቀመጠ ብርጭቆ… እውነቱን ለመናገር ያምራል።

እኔ የደሴቶቹን ስም ስሰማ ትዝ ያለኝ የሐዋርያት ሥራ ነው። ማልታ በእኛ መጽሐፍ ቅዱስ መላጥያ ናት፤ ቅዱስ ጳውሎስ መርከቡ ተሰብሮ የወጣባት። ዝናብና ብርድ ስለነበር የአገሩ ሰዎች እሳት አንድደው ነው የተቀበሉት፤ የደሴቲቱ አለቃም እንግዶቹን ሦስት ቀን አሳድሯቸዋል። በርናባስ የቆጵሮስ ሰው ነው፤ ቲቶም የቀረው በቀርጤስ ነው። ይህንን ግሩፑ ላይ ስጽፍ አንዷ ጓደኛችን «ጳውሎስን እኮ ቪዛ አልጠየቁትም» ብላ መለሰችልኝ። ሁላችንም ሳቅን። ከሳቁ በኋላ ግን ለሦስት ቀን ያህል ማንም ፎቶ አልላከም።

ምክንያቱን አገር ቤት ያለነው እናውቀዋለን፤ ውጭ ላላችሁት ግን በዝርዝር ልናገር። ማልታም ግሪክም በሸንገን ቪዛ ነው የሚገባባቸው። የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. በኢትዮጵያውያን አመልካቾች ላይ አሠራሩን አጠበቀ፤ የመመለሻ ውሳኔ የተላለፈባቸውን ዜጎች በመቀበል በኩል የኢትዮጵያ ትብብር አንሷል በሚል ነው። ማመልከቻ የሚታይበት መደበኛ ጊዜ ከ15 ወደ 45 ቀን ከፍ አለ፤ ደጋግሞ የሚያስገባ ቪዛ መስጠት ቆመ፤ ለአንዳንድ አመልካቾች የሰነዱን ብዛት ማቅለልም ቀረ። በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ ክፍያው ከ80 ወደ 90 ዩሮ ወጣ፤ ቢከለክሉህ ገንዘቡ አይመለስም። ቆጵሮስ የኅብረቱ አባል ብትሆንም ሸንገን ውስጥ ስለሌለች የራሷን ቪዛ ነው የምትጠይቅ። ደግሞ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀ፤ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ዓመት ሳይሞላው ከ120 ብር አለፈ። እንግዲህ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ደሞዝ የሚኖር ሰው — እዚህ አዳራሽ ውስጥ ብዙዎቻችሁ ናችሁ — የአራት ሌሊት የደሴት ሆቴል በዩሮ ሲያሰላ ምን እንደሚመስል ለእናንተ አልነግራችሁም።

በካርታ መሀል የሆነው ቦታ በፓስፖርት ሲለካ መሀል አልነበረም። የዳላሱ ወዳጃችን ይህ ሲነገረው አላኮረፈም፤ «ለሦስት ሰው ሙሉ ወጪ እችላለሁ» አለ። ደግ ሰው ነው። ነገር ግን ከሦስቱ አንዱ እንዲሆን የታሰበው መምህር በውስጥ መስመር ደወለልኝና «ዶርም ውስጥ እኔና እሱ አንድ ሳሙና ነበር የምንካፈል። አሁን ደግሞ እሱ ከፍሎልኝ ልሂድና ጠዋት ቁርስ ላይ ምን ብዬ ልቀመጥ?» አለኝ። እኔ ይህን ግሩፑ ላይ አልጻፍኩትም። ዛሬ የምናገረው እሱ ራሱ «ተናገረው» ስላለኝ ነው።

በራሳችሁ ወጪና ቪዛ ወደ ደሴቶቹ የምትሄዱ ግን አላችሁና ኮሚቴው በፍለጋ ጊዜ ያገኘውን ላካፍል። ሆቴሉ «ቀርጤስ» ስላለ ብቻ አትመኑ። ደሴቲቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ 260 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፤ ከሄራክሊዮን እስከ ሃንያ ብቻ 140 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። በአንዱ አርፈህ ሌላውን ሆቴል ከያዝክ የመጀመሪያው ቀን በመንገድ ያልቃል። ማልታ ትንሽ ናት፤ እዚያ የሚለየው ሰፈሩ ነው። ሴንት ጁሊያንስ ሌሊቱን ሙሉ ሙዚቃ ነው፤ ጸጥታ የፈለገ በጀልባ ተሻግሮ ጎዞ ይደር። ቆጵሮስም እንደዚሁ፣ አያ ናፓ ለወጣት፣ ጳፉ ለእኛ ዕድሜ። ነሐሴ ላይ ሙቀቱም ዋጋውም አናት ላይ ነው፤ መስከረም አጋማሽ ካለፈ በኋላ ሁለቱም ይበርዳሉ፤ ባሕሩ ግን ገና ሙቅ ነው። የግሪክና የቆጵሮስ ፋሲካ ከእኛ ጋር በአንድ ቀን ስለሚውል የሁዳዴ ጿሚ እዚያ ቢገኝ አይቸገርም፤ የጾም ምግብ ያውቃሉ። ስለ ደሴቱ ይኼ ይበቃል።

ኮሚቴው ከዚያ ወዲያ ፊቱን ወደ አዲስ አበባ ዙሪያ አዞረ። ቢሾፍቱን ሁላችሁም ታውቋታላችሁ፤ በረጅም በዓል ክፍል የሚያልቀው ቀድሞ ነው። ላንጋኖና ሐዋሳ ሩቅ ናቸው። ደግሞ ከመካከላችን እናቷን የምታስታምም አንዲት ጓደኛችን አለች፤ ውጭ ማደር አትችልም። ማታ ቤቷ ገብታ ጠዋት መመለስ እንድትችል ቦታው ከከተማው አንድ ሰዓት ባይበልጥ ይሻላል አልን። ስለዚህ ሦስት ስም ቀረ፤ ሱሉልታ፣ ቡራዩ፣ ሰበታ። ዛሬ ሦስቱም በሸገር ከተማ ውስጥ የተጠቃለሉ ናቸው፤ ለእኛ ግን በሦስት የተለያየ በር የሚወጣባቸው ሦስት ከተሞች ነበሩ። ቀኑን ቀድመን ቆርጠናል። በ2017 ዓ.ም. ሐሙስ ሚያዝያ 23 የሠራተኞች ቀን፣ ሰኞ ሚያዝያ 27 ደግሞ የአርበኞች ቀን ነበር፤ መሀል ላይ ያለው የሥራ ቀን ዓርብ ብቻ ነው። ፋሲካ ካለፈ በኋላ ባሉት ሃምሳ ቀናት ረቡዕና ዓርብም ስለማይጾም የምግቡ ነገር ቀለለ።

በሦስት ቅዳሜ ሦስቱን ዞርን። አራት ነበርን፤ አራተኛው ዓይነ ስውር የሆነው የሕግ ባለሙያ ወዳጃችን ነው። ወደ ኮሚቴው የገባው በራሱ ጥያቄ ነው። ግሩፑ ላይ ፎቶ በተላከ ቁጥር ዝም ይል ነበርና አንድ ቀን «እናንተ ገንዳውን እያያችሁ ነው፤ እኔ ሄጄ ልስማው» ብሎ ጻፈ።

መጀመሪያ ሱሉልታ። እንጦጦን በጎጃም መንገድ አልፈህ ስትወርድ ሜዳው ፊት ለፊትህ ይዘረጋል፤ አየሩ ሳንባ ያጥባል። ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ነው፤ የዓለም ሯጮች ለልምምድ የሚመጡትም ለዚሁ ነው። ያያ ቪሌጅም የቀነኒሳ በቀለ የሥልጠና ማዕከልም እዚያው ናቸው፤ እንግሊዛዊው ሞ ፋራህም ሱሉልታ ሠርቷል። ከሦስቱ ከተሞች ለዓይን የሚያምሩ ማረፊያዎች ያየነው እዚህ ነው። እኔም ብቻዬን ብሆን ሱሉልታን ነበር የምመርጥ። ግን ለሯጭ የሚበጅ ከፍታ ለስልሳ ዓመት ሰው አይበጅም። ከመካከላችን ሁለት የልብ ሕመምተኞችና በርካታ የደም ግፊት መድኃኒት ወሳጆች አለን፤ ከውጭ የሚመጡት ደግሞ ብዙዎቹ ከባሕር ጠለል አጠገብ ነው የሚነሡት። ሐኪም የሆነችው ጓደኛችን «የመጀመሪያው ሌሊት ራስ ምታትና እንቅልፍ ማጣት ይሆናል፤ ልበኞቹን ደግሞ እዚያ አላሳድርም» አለችን። ብርዱም አለ። ያየናቸው ክፍሎች ማሞቂያ የላቸውም፤ ተጨማሪ ብርድ ልብስ ስንጠይቅ «እናመጣለን» ነው መልሱ። በአንዱ ሆቴል — ስሙ ይቅር — ቧንቧውን ስከፍት ነፋስ ብቻ ወጣ። ጠረጴዛው ላይ ግን እዚያው ሱሉልታ የታሸገ ውሃ በፕላስቲክ ተደርድሯል! ለአዲስ አበባ ውሃ የሚያሽግ ከተማ ውስጥ ፊት የምትታጠብበት ስታጣ ምን ትላለህ?

ቡራዩ በአምቦ መንገድ ላይ ያለች ለከተማው ከሁሉ የምትቀርብ ናት፤ ገፈርሳም አለ። ከጣሊያን ወረራ ዘመን ጀምሮ ለአዲስ አበባ ውሃ የሚያጠራቅመው ግድብ ማለት ነው። የወፍ ወዳጆች ሰማያዊ ክንፍ ዝይን፣ በዓለም ላይ ኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ የምትገኘውን፣ ለማየት ወደዚያ ይሄዳሉ። ያየናቸው ሆቴሎች ግን በዋናው መንገድ ዳር የተሠሩ ናቸው፤ ሌሊቱን ሙሉ የጭነት መኪና ፍሬን ትሰማለህ። ከሆቴሎቹ አንዱ ሙሉውን ሒሳብ ቀድመን እንድንከፍል ጠየቀን፤ ደረሰኙ ግን «በኋላ» ነው። ከቡራዩ በጊዜ ተመለስን።

ሰበታ ስትባል ለብዙዎቻችን የሚመጣልን ሜታ ቢራና መርሐ ዕውራን ትምህርት ቤት ነው። ወዳጃችን ደግሞ የዚያው ትምህርት ቤት ልጅ ነው፤ ዩኒቨርሲቲ ከእኛ ጋር የገባው ከዚያ ተምሮ ነው። ከአለም ገና ጀምሮ «አሁን ዳገት ይመጣል፣ አሁን ድልድይ ነው» እያለ መንገድ የሚነግረን እሱ ነበር። በነገራችን ላይ የጅቡቲው ባቡር ሐዲድ መነሻ ሰበታ ነው። ባሕር ካልቀረ ብሎ ለሚከራከር፣ 750 ኪሎ ሜትር ያህል ሐዲድ ተከትሎ ጅቡቲ ባሕር ዳርቻ ይደርሳል ብዬ ለዳላሱ ሰው ጽፌለታለሁ።

ወዳጃችን ሆቴል እንዴት እንደሚመረመር እዚያ ነው ያየሁት። ከመኪና እንደወረደ የሚያደርገው መቁጠር ነው። ከበር እስከ እንግዳ መቀበያ ስንት እርምጃ? ደረጃ አለ? መደገፊያ ብረቱ እስከ መጨረሻው ይደርሳል ወይስ መሀል ላይ ያልቃል? ሱሉልታ ላይ አንዱን ቆንጆ ሆቴል የጣለው በዚሁ ነው፤ ወደ ክፍሎቹ 31 ደረጃ፣ መደገፊያ የለም። እኔ ያንን ደረጃ ወጥቼ ወርጄ «እንዴት ያለ ድንጋይ ነው!» እያልኩ ነበር። ቀጥሎ መታጠቢያ ቤት ይገባል። ደፉ ከፍ ያለ ነው? ወለሉ ሲረጥብ ያንሸራትታል? ከዚያ አዳራሹ መሀል ቆሞ ሁለት ጊዜ ያጨበጭባል። ሴራሚክ ወለልና መስታወት ግድግዳ ያለበት አዳራሽ ድምፁን መልሶ ይረጨዋል። «እዚህ ሠላሳ ሰው አንድ ላይ ቢያወራ ማንም ማንንም አይሰማም» ይላል። ይህ ለእሱ ብቻ አይደለም፤ ከመካከላችን ጆሮው የደከመ ስንቱ ነው?

አንድ ነገር ልጨምር። በሌሎቹ ሁለት ከተሞች ምሳ ስናዝዝ አስተናጋጆቹ ወደ እኔ ዞረው «እሳቸው ምን ይበላሉ?» ነበር የሚሉኝ። ሰበታ ላይ እንግዳ ተቀባይዋ «አካም ቡልተኒ?» ብላ ሰላምታዋን ለእሱ ሰጠች፤ ክንዷን አቀረበችለት እንጂ እጁን አልጎተተችም። ስንጠይቃት «ተማሪዎቹ ሁልጊዜ በዚህ ያልፋሉ፤ እናውቀዋለን» አለችን። ወዳጃችን ምንም አልተናገረም። መኪና ውስጥ ስንገባ ግን «እኔ ጨርሻለሁ፤ እናንተ ስለ ውሃው ጠይቁ» አለን።

ስለ ውሃው ጠየቅን። የ1988ቶች እስክሪብቶ አውጡ። «ውሃ አለ ወይ?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ ሁሉም አለ ይላል። ሮቶው ስንት ሊትር ይይዛል፣ ቧንቧ ቢቋረጥ ለሙሉ እንግዳ ስንት ቀን ያደርሳል በሉ። ጄኔሬተሩ መብራቱን ብቻ ነው ወይስ የውሃ መግፊያውንም የሚያነሣው? አስነሡልን ብላችሁ ቆማችሁ እዩ። ዋጋ ሲነገራችሁ «ፕላስ ፕላስ ነው?» በሉ። አሥር በመቶ የአገልግሎት ክፍያ ይጨመርና በድምሩ ላይ 15 በመቶ ቫት ሲታሰብ ጭማሪው 26.5 በመቶ ይሆናል፤ የ4,000 ብር ክፍል 5,060 ብር ማለት ነው። ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ የሠርግ ወቅት ስለሆነ በቀናችሁ አዳራሹ ለሠርግ ተይዞ እንደሆነ በጽሑፍ ይመልሱላችሁ፤ አለበለዚያ ሠላሳ ዓመት የናፈቃችሁትን ወሬ ዲጄ ይወስደዋል። ኮከቡን አትናቁት፤ በ2007 ዓ.ም. ከዓለም ቱሪዝም ድርጅት ጋር በተደረገው የደረጃ ምደባ ሆቴሎቻችን ኮከብ አግኝተዋል፤ ጥሩ ሥራ ነበር። ነገር ግን ኮከብ ያንን የመታጠቢያ ቤት ደፍ አይነግራችሁም። የጸጥታ ነገርም ተነሥቷል፤ ከውጭ የመጡት ከቦሌ በቀጥታ በቀን ብርሃን እንዲገቡ፣ ማታ ማንም በመንገድ እንዳይንቀሳቀስ አደረግን። ቤቷ የምታድረው ጓደኛችንም ከአሥራ አንድ ሰዓት ሳያልፍ በኮሚቴው መኪና ትሸኝ ነበር።

ሰበታ የጎደለው ነገር የለም አልልም። መንገዱ በከባድ መኪና የተጨናነቀ ነው፤ ገንዳ የለውም፤ ከመስኮት የሚታየው የጎረቤት ቆርቆሮ ነው። ሁለት ሰዎች ከውጭ «ለዚህ ነው አሥራ ስድስት ሰዓት የምበር?» ብለው ቀርተዋል፤ አልፈርድባቸውም። ጥገኝነት ጠይቆ መልስ የሚጠብቅ አንድ ጓደኛችን ደግሞ ማልታም ቢሆን ሰበታ መምጣት አይችልም ነበር፤ በቪዲዮ ነው የተገኘው፤ ኔትወርኩም ሁለት ጊዜ ቆርጦብናል።

ከ38ቱ ግን 31 ሰው ተገኝቷል። ያስተማሩን ሁለት መምህራንም መጥተዋል፤ አንዱ ጋሼ ከሰማንያ ያለፉ ናቸው፤ በምድር ቤት ክፍል ነው ያረፉት። ቅዳሜ ወደ መናገሻ ሱባ ጫካ ሄድን። በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን እንደተተከለ የሚነገርለት ጥድ ነው፤ ጉሬዛውም አለ። መንገዱ አቧራ ነው። ወዳጃችን በክንዴ ይዞኝ የዛፉን ግንድ እየዳሰሰ ሲሄድ የዳላሱ ሰው መጥቶ በሌላ በኩል ያዘው። ሳሙናውን የተካፈሉት ሁለቱም እዚያው አጠገባችን ነበሩ፤ ማን ስንት እንደከፈለ የሚጠይቅ አልነበረም፤ ክፍያው ለሁሉም እኩል በብር ነው።

ለ1988ቶች የማስረክበው ይኼው ነው። የሦስቱን ከተሞች የጉብኝት ማስታወሻ፣ የደረጃውን ቁጥር ጨምሮ፣ ለማኅበሩ ጸሐፊ ሰጥቻለሁ። ቀብድ የሚሰጠው ከጥር መጨረሻ በፊት ቢሆን ጥሩ ነው፤ ደረሰኙንም አትርሱ። ከኮሚቴያችሁ ውስጥ መድኃኒት የሚወስድ፣ ደረጃ የሚከብደው፣ ማታ ቤቱ መግባት ያለበት ሰው ከሌለ ነገ ጨምሩ፤ ስልኩን እኔ እሰጣችኋለሁ። ጥያቄ ያለው አለ?